ጥያቄና መልስ፦ ሳይንቶሎጂና ኢንተርኔት

ጋሽ በለጠ፦ መጥቻለሁ፣ ጠይቁ። ሳይንቶሎጂ አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ፣ ራሱን ሃይማኖት ብሎ የሚጠራ ድርጅት ነው። ውስጥ ያለ ዘመድ ያላችሁ ግን ስሙን እዚህ አትጻፉ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ማሂ፦ ጋሼ፣ ኢንተርኔት ምን አደረጋቸው?

ጋሽ በለጠ፦ ምስጢራቸውን አወጣባቸው። የላይኛውን ደረጃ ትምህርት አባሉ የሚያየው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ ነው። ያ ጽሑፍ በአንድ ክርክር ሰበብ ሎስ አንጀለስ የፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ገባ፤ መዝገቡ ደግሞ ያኔ ለማንም ክፍት ነበር። ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ጠዋት ጠዋት ሰው ልከው መዝገቡን ያስወጡና ቢሮው እስኪዘጋ ታቅፈውት ይውሉ ነበር፣ ሌላው እንዳያነበው! በ1995 የቀድሞ አባል የነበረው አርናልዶ ለርማ ዩዝኔት በሚባለው የያኔው የኢንተርኔት መወያያ ላይ ለጠፈው። ነሐሴ ላይ የፌዴራል ማርሻሎች (የፍርድ ቤት ትእዛዝ አስፈጻሚዎች) ከሳይንቶሎጂ ጠበቆች ጋር ቤቱን በረበሩ፣ ኮምፒውተሩንም ወሰዱ። ቤቱ የት መሰላችሁ? አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፤ የእኛው ሰው ሰፈር! ኔዘርላንድስ ውስጥም ካሪን ስፓይንክ የተባለች ጸሐፊ ገጿ ላይ አወጣችው፤ አሥር ዓመት ከሰው አልረቷትም።

የአራዳ ልጅ፦ ሃይማኖት ነው ወይስ ንግድ?

ጋሽ በለጠ፦ አሜሪካ በ1993 ከግብር ነፃ አድርጋዋለች። ሌላውን እናንተ ተከራከሩበት።

ትዕግስት፦ የእኛዎቹ «ነቢያት»ስ በምን ይለያሉ?

የአራዳ ልጅ፦ ጀመረች! እነሱ ቢያንስ በነፃ ይጸልያሉ።

ትዕግስት፦ በነፃ? የአክስቴን የወርቅ ሐብል ማን ወሰደው ታዲያ?

ጋሽ በለጠ፦ እሱን ሌላ ቀን።

ዳኒ፦ በሐሰት ስም ብጽፍ ያገኙኛል?

ጋሽ በለጠ፦ ፊንላንድ ውስጥ ጁልፍ ሄልሲንጊየስ የላኪውን ስም ደብቆ ኢሜይል የሚያስተላልፍ ሰርቨር ነበረው። በ1995 ሳይንቶሎጂዎች በፖሊስ በኩል መጡበትና የአንድ ተጠቃሚ አድራሻ ወጣ፤ በ1996 ሰርቨሩን ዘጋው። በሐሰት ስም አትመካ። የዘመድ ስም አትጻፉ ያልኩትም ለዚሁ ነው።

ኪያ፦ ግን ኢንተርኔት ጎዳቸው ወይስ ጠቀማቸው?

ጋሽ በለጠ፦ ከላይ አንብብ እንጂ ልጄ!

ሶስና፦ አብራኝ የምትሠራ ፈረንጅ ከሳይንቶሎጂ ከወጣች በኋላ ፌስቡክ ላይ ጻፈች። እናቷ ስልኳን ማንሳት አቆሙ። ታጥፋው?

ጋሽ በለጠ፦ ግንኙነት ማቋረጥ የሚሉት እሱ ነው። ተቃዋሚ ከሆነ ዘመድ ጋር የሚገናኝ አባል ኮርሱን እንዲያቆም ይደረጋል፤ ስለዚህ እናትየው ልጃቸውንና ደረጃቸውን አንድ ላይ መያዝ አይችሉም። እሷም እንደሷ የወጡትን ያገኘችው እዚያው ኢንተርኔት ላይ ይሆናል። ብታጠፋውም ስክሪንሾቱ አይጠፋም። ለእናቷ ልደት ግን ካርድ ትላክላቸው። በእጇ ጽፋ፣ በፖስታ።

ሶስና፦ ባይመልሱላትስ?

ጋሽ በለጠ፦ ለከርሞም ትላክ።