ስም ከመምረጥሽ በፊት ፊልተሩን አጥፊ

የደረሰን ደብዳቤ ባጭሩ፦ «በአካውንቲንግ ዲግሪ አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ሜካፕና የፀጉር ሥራ ተምሬ በሚቀጥለው ወር እመረቃለሁ። ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ ገጽ ከፍቻለሁ፤ ግን ሥራ የሚጠይቀኝ የለም። መምህሬ ብራንድሽን ገንቢ ትለኛለች። የፈረንጅ ስም ላውጣ? ሎጎ ላሠራ? እናቴ ‹ዲግሪ ይዘሽ ፀጉር ሠሪ ልትሆኚ ነው?› እያለች ታለቅሳለች። አጎቴ ገርጂ ላይ ሳሎን እንድከፍት ላበድርሽ ብሎኛል። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ ነይ ትለኛለች። የሠራኋቸውን ዘጠኝ ሥራዎች ፎቶ አያይዣለሁ።» — ተመራቂዋ፣ ከጀሞ

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ የጀሞዋ ተመራቂ።

ፎቶዎቹን አየኋቸው። ሴቶቹ ዘጠኝ ናቸው፣ ቆዳቸው ግን አንድ ነው። መስመር የለው፣ ማድያት የለው፣ ጉንጭ ላይ የምትኖረዋ ስስ ፀጉር እንኳን ጠፍታለች። የሠራሽው አንቺ ነሽ ወይስ ስልኩ? እኔ መለየት አልቻልኩም፤ ገጽሽን የምታይ ሙሽራም አትችልም። ሥራ ያጣሽው የፈረንጅ ስም ስለሌለሽ አይደለም። ስለዚህ የስሙን ነገር ወደ ኋላ አቆይቼ ከፎቶው ልጀምር።

ማድያት ያለባት ሙሽራ ገጽሽ ላይ የምትፈልገው ማድያት ያለበት ፊት አንቺ እጅ ገብቶ ምን ሆኖ እንደሚወጣ ነው። ፊልተሩ ያጠፋው ልክ ይህንን ማስረጃ ነው። ፊልተሩን አምና የመጣችውም ቢሆን የሰርጉ ዕለት መስታወት ፊት ስትቀመጥ የራሷን ቆዳ ታየዋለች፣ ቪዲዮ አንሺውም በትልቅ ካሜራ ቀርቦ ያየዋል፤ ያኔ «ፎቶው ላይ እንዲህ አልነበረም» ስትልሽ መልስ የለሽም። ብዙ ስልኮች ላይ ማለስለሻው ሳትነኪው በርቶ ነው የሚመጣው። የካሜራውን ሴቲንግ ከፍተሽ «ቢዩቲ» የሚለውን ዜሮ አድርጊ።

ፎቶውን እንዲህ አንሺ። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት ፈልጊና የክፍሉን አምፖል አጥፊ፤ የአምፖሉ ቢጫና የቀኑ ብርሃን ከተቀላቀሉ የቆዳው ቀለም ይዋሻል። ሴትዮዋን ወደ መስኮቱ አዙረሽ አስቀምጪ፣ ከኋላዋ ጌጥ የሌለው ግድግዳ ይሁን። በሰልፊ ካሜራ አታንሺ፤ ስትቀርቢ አፍንጫን ያሳብጣል። በኋላው ካሜራ፣ ሁለት እጥፍ አቅርበሽ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ላይ ቁሚ። ሌንሱን ጥረጊው፤ የእጅ ቅባት ራሱ ፊልተር ነው። ለእያንዳንዷ ሴት ከሥራው በፊት አንድ፣ ከሥራው በኋላ ፊት ለፊት፣ ከጎን፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ፀጉሯ ከኋላ። ከዚያ ማንም የማያነሳውን ስድስተኛውን ጨምሪ፦ ሥራው ካለቀ ስድስት ሰዓት ቆይቶ፣ ከበላችና ከጨፈረች ወዲህ ያለውን። እኔ ሰው ስቀጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው።

አሥራ ሁለት እንዲህ ያለ ሥራ ከሁለት መቶ የፊልተር ፎቶ ይበልጣል። አሥራ ሁለቱ ግን የክፍል ጓደኞችሽ ብቻ አይሁኑ። ጥቁር፣ ጠይም፣ የቀይ ዳማ፣ ቀይ፣ ሁሉም ይኑሩበት። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነች እናት፣ ብጉር ያለባት ልጅ፣ ሻርፕ የምታስር ሙስሊም ሙሽራ ይኑሩበት። ፀጉሩም እንደዚያው፦ በሪላክሰር የለሰለሰ ብቻ ሳይሆን የተፈጥሮው ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ከፍ ተደርጎ የተሠራበት፣ ለመልስ የተሠራ ሹሩባ፣ ዊግ ከሆነም የግንባሩ መስመር በቅርብ የሚታይበት።

ፊልተሩን ስታጠፊ ጉድለትሽ ይወጣል። ይውጣ። ካየኋቸው ፎቶዎች የምጠረጥራቸውን ልንገርሽ።

አንደኛው፣ ጠይም ፊት ላይ ግራጫ መሆን ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከቆዳው የቀላ ፋውንዴሽን መምረጥ ነው፤ የቀላው ውስጥ ነጩ ቀለም፣ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ይበዛና አመድ የተነሰነሰበት ያስመስላል። ቀለሙን የእጅ ጀርባ ላይ አትሞክሪው። ከመንጋጋ ወደ አንገት ቀቢና አሥር ደቂቃ ጠብቂ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ከቆዳ ወዝ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። ከዓይን ሥር ያለውን ጥቁረት በቀላ ኮንሲለር ለመድፈን አትሞክሪ፤ በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ መጀመሪያ ብርቱካናማ ማስተካከያ በስሱ፣ ከዚያ የቆዳውን ቀለም። ሃያ ዓይነት ፋውንዴሽን መግዛትም አያስፈልግሽም። ከቀዩ እስከ ጥቁሩ የሚደርሱ አራት ወይም አምስት ቀለሞች ካሉሽ መሃሉን ራስሽ ትቀላቅያለሽ።

ሁለተኛው፣ ማታ በፍላሽ ፎቶ ላይ ፊት ነጭ ሆኖ መውጣቱ ነው። ጥፋተኛው ሲሊካ የበዛበት ነጭ ፓውደር ወይም የፀሐይ መከላከያ ያለበት ክሬም ነው፤ ዚንክና ቲታኒየም ብርሃን መላሾች ናቸው። ሙሽራዋን ከመልቀቅሽ በፊት ክፍሉን አጨልመሽ በስልክሽ ፍላሽ አንድ አንሺ። ለዚህ ጊዜ የለኝም አትበይኝ፤ ግማሽ ደቂቃ ነው።

ሦስተኛው፣ አፍንጫ ዙሪያ ሜካፑ ቅንጥብጥብ ብሎ መላቀቁ። ሁልጊዜ የቆዳው ድርቀት አይደለም። በውኃ የተሠራ ፕራይመር (ከፋውንዴሽን በፊት የሚቀባው) ላይ በሲሊኮን የተሠራ ፋውንዴሽን ስትደርቢ አንዱ አንዱን አይዝም። የጠርሙሱን ጀርባ አንብቢ፤ ከመጀመሪያዎቹ ንጥረ ነገሮች ውስጥ እንደ ዳይሜቲኮን በ«ኮን» የሚያልቅ ካለ ሲሊኮን ነው። ሁለቱን ከአንድ ወገን አድርጊ።

ፀጉር ላይ የምፈራልሽ የግንባሩን መስመር ነው። ሹሩባው ጠብቆ ሥሩ ላይ ነጫጭ ወይም ቀያይ ጉብታ ካበቀለ ፈቺው። ሙሽራዋ ‹ይጥበቅ፣ እችለዋለሁ› ብትልም ፈቺው፤ በየጊዜው የሚጎተት ጆሮ ግንድ ላይ ያለ ፀጉር በመጨረሻ ተመልሶ አይበቅልም። ለመልስ የሚሠራ ሹሩባ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይሠራ፣ እስከ ዕለቱ ይረጋጋል። እናቶች ቅቤ ካልተቀባች ሲሉ አትከራከሪ፣ ግን ቅቤው ከግንባሩ መስመር ሁለት ጣት ወደ ኋላ ይቅር። አዳራሹ ሲሞቅ ቅቤው ይቀልጥና በግንባሯ ይወርዳል፣ ከዚያ ወዲያ የትኛውም ፋውንዴሽን አይቆምም።

የጠረጴዛሽንም ፎቶ አንሺ። በዚህ ሙያ ንጽሕና ከሎጎ በላይ ስም ይሠራል፣ እዚህ ከተማ ግን ገጹ ላይ የሚያሳየው ጥቂት ነው። ክሬሙ በስፓቱላ ወደ ፓሌት ሲወጣ፣ ማስካራው ለእያንዳንዱ ሰው በሚጣል ብሩሽ ሲቀባና ያ ብሩሽ ሁለተኛ ጠርሙሱ ውስጥ ሳይገባ ሲቀር ይታይ። ማስካራ ከተከፈተ በሦስት ወሩ ይጣላል፤ የተከፈተበትን ቀን በፕላስተር ለጥፊበት። አልኮሉ 70 በመቶ የሚለው ይሁን፤ 96ቱ ቶሎ ስለሚተን ጀርሙን ሳይገድል ይደርቃል። ብሩሽ በሻምፑ ታጥቦ በጎኑ ተኝቶ ነው የሚደርቀው፤ ቀጥ አድርገሽ ካቆምሽው ውኃው ወደ እጀታው ይወርድና ሙጫውን ያላቅቀዋል። ለመድረቅ ሌሊቱን ስለሚፈልግም ቢያንስ ሁለት ሙሉ ስብስብ ያስፈልግሻል። የፀጉር ቀለም የምትቀቢ ከሆነ ከ48 ሰዓት በፊት ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ሞክሪ፤ የሽፋሽፍት ሙጫም እንደዚያው፣ ላቴክስ የማይስማማው ሰው አለ።

ፎቶ ከመለጠፍሽ በፊት የደንበኛዋን ፈቃድ በቴሌግራም በጽሑፍ ተቀበዪ። በተለይ ሻርፕ የምታስር ሙሽራ ከሆነች የትኛው ፎቶ እንደሚወጣ ራሷ ትምረጥ፤ አንድም አይውጣ ካለች አይውጣ። የረዳሽበትን ሥራ «ረዳት ነበርኩ» ብለሽ ጻፊ። የሌላ ሰው ሥራ ለጥፎ የተያዘ ሰው በዚህች ጠባብ ከተማ ሁለተኛ አይጠራም።

አሁን ስሙ። የራስሽና የአባትሽ ስም ይበቃል። በሁሉም ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል አጻጻፍ፣ የማይቀየር አንድ ስልክ ቁጥር። ሎጎውን ለጊዜው ተዪው። ገጽሽ አናት ላይ ያለውን ግን ዛሬውኑ ሰርዢ፦ «ሜካፕ፣ ፀጉር፣ ጥፍር፣ ሽፋሽፍት፣ ሂና፣ ዲኮር፣ የቀሚስ ኪራይ» ይላል። ሁሉን የሚሠራ ሰው በምንም አይታወስም። «የሰርግና የመልስ ሜካፕና የተፈጥሮ ፀጉር» በዪ፤ ፊቱንም ፀጉሩንም አንድ ሰው ሲሠራው ለሙሽራዋ ጠዋቷ ያጥራል፣ አንቺም በዚያ ትለያለሽ።

ከምረቃ በኋላ ለአንድ ዓመት የሰው ረዳት ሁኚ። ምርጫ ካለሽ ካሜራ ያለበት ቦታ፦ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ የማስታወቂያ ቀረጻ፣ ተከታታይ ድራማ። እኔ የስቱዲዮ መብራት ሥር ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ ሚዛኔ ወደዚያ ያጋድላል፤ ይህን አስበሽ ስሚኝ። ግን እዚያ አንድ እንግዳ በሃያ ደቂቃ ትሠሪያለሽ፣ ስህተትሽን ወዲያው ስክሪኑ ላይ ታዪዋለሽ፣ ድራማ ከሆነም ትናንት የሠራሽውን ፊትና ፀጉር ዛሬ ከፎቶ አስተያይተሽ ያንኑ ትደግሚያለሽ። ሳሎን ውስጥ ይህን የሚያስተምርሽ የለም። ስትጠይቂ ረጅም ደብዳቤ አትጻፊ፤ አምስት ያልተነካካ ፎቶ፣ የትኞቹ ቀናት ነጻ እንደሆንሽ፣ ብሩሽ ማጠብና ጠረጴዛ ማዘጋጀት እንደማይከብድሽ። መጀመሪያ ላይ ትራንስፖርትና ምሳ ሊሸፍኑልሽ ይገባል። አንድ ወር ካለፈ በኋላም ሳንቲም ካልከፈሉሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

የሳሎኑን ብድር አትቀበዪ። ኪራዩ የወራት ቅድሚያ ይጠይቅሻል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ውኃ ሲጠፋ ሮቶ፣ ካስኩ፣ ወንበሩ፣ የሁለት ሠራተኛ ደመወዝ። ገቢሽ ደግሞ ወቅት አለው። የኦርቶዶክስ ሰርግ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይግተለተላል፤ በሁዳዴ 55 ቀን፣ በነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና አይኖርም። የሙስሊሙም በረመዳን ይቆማል። የቤት ኪራይ ግን አይጾምም። አንድም ደንበኛ ሳይኖርሽ በአጎትሽ ዕዳ ሳሎን ብትከፍቺ በመጀመሪያው ሁዳዴ ሁለታችሁም ትቀያየማላችሁ።

እናትሽን በተመለከተ ሳልለሳለስ ልናገር። የሚያስለቅሳቸው ዲግሪው ሳይሆን ጎረቤት የሚለው ይመስለኛል። ደግሞ ልብ በዪ፦ ሙያውን የሚንቀው ቤተሰብ ዘመድ ሲዳር አምስት ሚዜ በነጻ ሥሪ የሚልሽ ያው ቤተሰብ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ዘመድ ቢያንስ የዕቃውን ዋጋ ይክፈል። ሒሳቡን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ዲግሪሽ የሚሠራው እዚህ ነው። 30 ሚሊ ሊትር ፋውንዴሽን ከሠላሳ ፊት ብዙ አያልፍም። የምታስከፍዪው ጠርሙሱን በገዛሽበት ሳይሆን ነገ በምትተኪበት ዋጋ ይሁን፤ ብር ሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በአሮጌ ዋጋ የሚያሰላ ሰው ከኪሱ ነው የሚሠራው። ሽፋሽፍቱን፣ ትራንስፖርቱን፣ የሙከራውን ቀን ጨምሪ። ግማሹን ቀብድ ሳትቀበዪ ቀን አትያዢ። ለእናትሽ ክርክር አታቅርቢ፤ የሦስት ወር ገቢና ወጪ የተጻፈበት ደብተር አሳዪያቸው።

ዱባይ፦ የአክስትሽ ልጅ «በጉብኝት ቪዛ ግቢና ሥራ ትፈልጊያለሽ» የምትልሽ ከሆነ ነገሩ አይሆንም፤ በዚያ ቪዛ መሥራት ሕገ ወጥ ነው፣ ሲያዝም አሠሪዋ ብቻ ሳትሆን አንቺም ትጎጃለሽ። የሥራ መደቡ የተጻፈበት ውል ከመጣ እንነጋገራለን። እስከዚያው የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተናሽን ውሰጂ፤ የተማርሽው ገና ሳይረሳሽ ማለፉ ይቀላል፣ ኋላ የንግድ ፈቃድ ስታወጪም ልትጠየቂው ትችያለሽ።

አጎትሽ የግድ ላበድርሽ ካለ ለሳሎን የታሰበውን ትንሽ ክፍልፋይ ጠይቂው፦ አራት ፋውንዴሽን፣ ብርቱካናማ ማስተካከያ፣ ሁለት የብሩሽ ስብስብ፣ የቀን ብርሃን የሚሰጥ መብራት፣ አንድ ጥሩ ፒያስትራ (የፀጉር መተኮሻ)፣ ጀርባሽን የሚያድን ታጣፊ ከፍ ያለ ወንበር። መመለሻው ጊዜ ከፋሲካ በኋላ ያለው የሰርግ ወቅት ይሁን፤ በጽሑፍ፣ በቀን።