ከሦስት ወደ አምስት ይሁን፤ ግን መጀመሪያ ምልዓተ ጉባኤውን ጠይቂ

የኔ ልጅ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ማሳቹሴትስ ውስጥ የምትኖሪባትን ትንሽ ከተማ የሚያስተዳድረው የሦስት ሰዎች ቦርድ ነው። ሦስቱም በምርጫ የገቡ ናቸው። አሁን አምስት ይሁኑ የሚል ሐሳብ መጥቶ በከተማው ስብሰባ ድምፅ ልትሰጡበት ነው። «ሰው ሲጨመር ይሻላል ወይስ ወሬ ብቻ ነው የሚበዛው? ጅማ ላይ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ» ብለሻል።

እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። በቀበሌ ምክር ቤትም በዕድር ኮሚቴም ተቀምጫለሁ። ባጭሩ፣ አምስቱን ደግፊ። ለምን እንደሆነ ግን ከራሴ ልጀምር።

ከ2000 ዓ.ም. በፊት የቀበሌ ምክር ቤት 15 ሰው ነበር። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ቁጥሩ ወደ 300 ዘለለ። በመላ አገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ መቀመጫ ለምርጫ ቀረበ። ከተመረጡት አንዷ እኔ ነበርኩ። ያኔ ሥነ ዜጋ አስተምር ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቁጥሩ 15 እንደሆነ ቢቀር ኖሮ እኔን ማንም አያስታውሰኝም። በ15ቱ ዘመን የሚገቡት ሁሌም ያው የታወቁት ሰዎች ነበሩ። በ300 ግን እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ጎረቤቴ ገባች። መጋዘን ውስጥ ቡና ስትለቅም የምትውል ሴትም ገባች። የዚያን ቀን ደስታ እስከዛሬ አልረሳውም።

ከዚያ ስብሰባው ተጀመረ። የቀበሌው አዳራሽ ስላልበቃን ትምህርት ቤት ገባን። ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይጠጣል። 151 ሰው ካልሞላ ደግሞ ወደ ቤት ነው። እኔ አንድ ጉዳይ ይዤ ነበር የሄድኩት። ሰፈራችን በአዌቱ ወንዝ በኩል ነው፤ ዲቹ ተደፍኖ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ቤታችን ይገባል። እጄን አወጣሁ። ከኔ በፊት ከሃያ በላይ እጅ ወጥቷል። ሪፖርት ተነበበ፣ ተጨበጨበ፣ ሰዓት አለቀ ተባለ። ሦስት ስብሰባ እንደዚህ አለፈ። ዲቹ የተጠረገው በመጨረሻ የካቢኔ አባል የነበረ የቀድሞ ተማሪዬን ቤቱ ድረስ ሄጄ ስለለመንኩት ነው።

ያ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል። የገባሁት ቁጥሩ ስለበዛ ነው፤ አፌ የተያዘውም ቁጥሩ ስለበዛ ነው። ሰው ሲጨመር ሥልጣኑም አብሮ የሚከፋፈል ይመስላል። ሁልጊዜ ግን እንደዚያ አይሆንም። ብዙ ሰው መነጋገር ሲያቅተው አጀንዳ የሚያዘጋጀው ሰው ጉልበት ያገኛል። እኛ 300 ሆነን እጅ እናወጣ ነበር፤ የሚወስኑት ጥቂቶች ነበሩ።

ታዲያ ለምን አምስቱን ደግፊ እላለሁ? የናንተ ነገር ከእኛ 300 ጋር አንድ ስላልሆነ ነው። በናንተ በኩል ምክር ቤቱ ራሱ የከተማው ስብሰባ ነው። የተመዘገበ መራጭ ሁሉ ገብቶ ይናገራል፣ ድምፅ ይሰጣል። ሦስቱ ሰዎች የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመሩ ናቸው፤ ወደ እኛው ካቢኔ ይቀርባሉ። ለምክር ቤት የሚሆን ቁጥርና ለሥራ አመራር የሚሆን ቁጥር ይለያያል። ታገፔራ የሚባል የኢስቶኒያ ተወላጅ ምሁር፣ ሦስት ጊዜ ወስደው እርስ በርሱ ቢያባዙት የሕዝቡን ብዛት የሚሰጠው ቁጥር ለፓርላማ መጠን ይቀርባል ብሏል። ለ120 ሚሊዮን ሕዝብ 493 አካባቢ ይመጣል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ ይላል። ይህ ግን ለሚወያይ ጉባኤ ነው። ጠረጴዛ ከቦ በጀት ለሚያገላብጥ ቦርድ አይሠራም።

ሦስት ደግሞ በጣም ያንሳል። ምልዓተ ጉባኤ ማለት ለመወሰን መገኘት ያለበት ትንሹ የአባላት ቁጥር ነው፤ ከሦስት ሰው ሁለቱ ምልዓተ ጉባኤ ናቸው። ማሳቹሴትስ ውስጥ በስብሰባ ሕጉ መሠረት ምልዓተ ጉባኤ የሚሞሉ አባላት አስቀድሞ ከተነገረ ስብሰባ ውጭ ስለ ቦርዱ ጉዳይ መወያየት አይችሉም። እንግዲህ አስቢው፣ ሁለቱ ሱቅ በር ላይ ተገናኝተው ስለ መንገድ ጥገና ቢያወሩ ሕግ ጣሱ ማለት ነው። አንዱ ቢታመም ወይም ጉዳዩ የዘመዱ ሆኖ ቢወጣ ሁለት ይቀራሉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ነገሩ ቆመ። አምስት ሲሆኑ ግን ምልዓተ ጉባኤው ሦስት ይሆናል። ሁለቱ ሐሳብ ይለዋወጣሉ፤ አንድ ሰው ቢጎድልም ሥራው አይቆምም።

አሁን ወደ ዕድራችን ልምጣ፤ ለአንቺ የሚጠቅመው ይሄኛው ነው።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነበር። አምስቱም ከአስፋልቱ በላይ የሚኖሩ ባለቤቶች ናቸው። ከድልድዩ ማዶ ያሉት ተከራዮች ወርሃዊውን እኩል ይከፍላሉ፤ ኮሚቴው ላይ ግን አንድም ሰው የላቸውም። ይስፋ ሲባል አንዱ 15 ይሁን አለ። እኔ በ300ው የደረሰብኝን አስታውሼ ተቃወምኩ። ከብዙ ክርክር በኋላ ዘጠኝ አልን። ከተጨመሩት አራት ሁለቱ ተከራዮች፣ ሁለቱ ሴቶች እንዲሆኑ ተስማማን።

አዲሱ ተከራይ በሁለተኛው ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ተናገረ። «ጡሩምባ ነፊው ድልድዩ ጋ ደርሶ ይመለሳል፤ እኛ ሞት የምንሰማው ሬሳው ሲወጣ ነው» አለ። ክው አልን። ለዓመታት በለቅሶ ላይ አርፍዳችሁ መጣችሁ እያልን ስንቀጣቸው ኖረናል። በሳምንቱ ተስተካከለ። አምስቱ ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ከድልድዩ ማዶ አድረው ስለማያውቁ ነው።

ግን አንድ ጥፋት ሠራን። ቁጥሩን ስንቀይር መተዳደሪያ ደንቡን አላገላበጥንም። ደንቡ «ሦስት አባላት ከተገኙ መወሰን ይቻላል» ይላል። ለአምስት ሰው ልክ ነበር። በዘጠኝ ጊዜ ግን ሦስት የቀድሞ አባላት ሐሙስ ቀን ተሰበሰቡ። ሐሙስ ጅማ ላይ ትልቁ ገበያ ነው፤ ሴቶቹ የሉም። ትልልቆቹን ብረት ድስቶች ለመሸጥ ወሰኑ። በወረቀቱ መሠረት ምንም አልጣሱም። ጠቅላላ ጉባኤ ጠርተን «ሦስት» የሚለውን «ከግማሽ በላይ» እስክናደርገው ድረስ ብዙ ተጣላን።

ስለዚህ ድምፅ ከመስጠትሽ በፊት የቀረበውን ጽሑፍ አውጥተሽ አንብቢ። ምልዓተ ጉባኤው «ሁለት» ተብሎ በቁጥር የተጻፈበት ቦታ ካለ ይታረም በይ። ሁለቱ አዲስ ሰዎች ለስንት ዓመት እንደሚመረጡም ጠይቂ። የአምስቱም ዘመን በአንድ ዓመት የሚያልቅ ከሆነ ልምድ ያለው ሰው ላይኖር ይችላል፤ ቦርዱ ከባዶ ይጀምራል። በየዓመቱ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ እየሆኑ ቢመረጡ ይሻላል። ደግሞ እዩት፣ ሁለት ሰው የሚወዳደር አለ? ትንሽ ከተማ ላይ ወንበር ጨምሮ ተወዳዳሪ ማጣት አለ። ያኔ የሚገባው የነባሮቹ ጓደኛ ነው፤ ቁጥሩ ጨመረ እንጂ የተለወጠ ነገር አይኖርም።

ከተማችሁ ውስጥ «ድልድዩ ማዶ» የሚባለው የቱ ጋ ነው? ተከራዮቹ ናቸው? ዘግይተው የመጡ ስደተኞች? ልጆች የሚያሳድጉ እናቶች? አንቺ እዚያ በቆየሽባቸው ዓመታት የታዘብሽው ነገር ይኖራል። ድምፅ የምትሰጪ ከሆንሽ መወዳደርም የምትችዪ ይመስለኛል። ከሁለቱ አንዱን ወንበር ለምን አታስቢበትም?