የሰኔ ጥያቄዎች፦ ማሳ፣ ላም፣ ተምችና የነቀዝ ክኒን

ሰኔ ሲገባ የገበሬ ቤት ፋታ የለውም። ማሳውም፣ ከብቱም፣ ጎተራውም እኩል ይጣራል። የሚደርሱኝ ደብዳቤዎችም በዚያው ልክ ይበዛሉ። የሰሞኑን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

«ሰኔና ሰኞ የገጠመ ዓመት ዘር አይበጅም ይላሉ አባቴ። ላቆየው ወይ?»

አያቆዩት። ዘሩ የሚጠብቀው እርጥበቱን ነው። ዝናቡ ጸንቷል ወይስ ገና ነው የሚለውን ግን አባትዎን ይጠይቁ። እሱን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

«ዩሪያውን ቤት ከማስቀምጠው አሁኑኑ በበቆሎው ላይ ብበትነውስ?»

ተው ወንድሜ። አፈር ያልለበሰ ዩሪያ ናይትሮጅኑ በአየር ይበናል። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ መሬቱ እርጥብ ሆኖ፣ ከተክሉ ትንሽ ራቅ አድርገህ ጨምረውና አፈር አልብሰው።

አንድ ወጣት ገበሬ የበቆሎው ቅጠል ተበሳስቶበታል። ጎረቤቱ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ቀላቅለህ ርጭ ብሎታል።

መቀላቀሉን እርሳው። መጀመሪያ ምን እንደሆነ እወቅ። በማለዳ ማሳህ ግባና የበቆሎውን እምብርት ገለጥ አድርገህ እይ። ሰጋቱራ የመሰለ እርጥብ ኩስ ካለ ትሉ ውስጥ ነው። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ የመሰለ ነጭ መስመር፣ ወደ ጅራቱ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተቀመጡ አራት ጥቁር ነጥቦች ካሉት፣ በ2017 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አገራችን የገባው መጤ ተምች ነው። ማሳህ ትንሽ ከሆነ በእጅ መልቀም ይቻላል። ቅጠሉ ላይ ጸጉር ለብሶ የተከመረውን እንቁላል ጨፍልቀው። ትሉ አድጎ እምብርቱ ውስጥ ከተደበቀ በኋላ ርጭቱ አያገኘውም። ለመድኃኒቱ ዓይነትና መጠን የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ጠይቅ።

«ላሜ ለምለም ሣር በልታ ግራ ጎኗ ተነፋ። በቢላ ይወጋ ይሉኛል።»

በቢላ እንዳትነኳት! የእንስሳት ሐኪም አሁኑኑ ይጥሩ። እስኪደርስ ፊቷን ወደ ዳገት አድርገው ያቁሟት፣ ቀስ ብለውም ያንቀሳቅሷት። ለወደፊቱ ጠዋት ጭድ ሳትቀምስ፣ ጤዛውም ሳይረግፍ አይልቀቋት። ማገጥ የበዛበት መስክ ላይ በተለይ ይጠንቀቁ።

ከምዕራብ ጎጃም አንዲት እናት፦ «የጎተራው ክዳን ስላፈሰሰ በቆሎውን በጆንያ ወደ ቤት አስገባነው። ነቀዝ ወጣበት። ባለቤቴ ከገበያ ክኒን ገዝቶ በየጆንያው ከተተ። ልጆቼ የሚተኙት እዚያው ጎን ነው። ሌሊት ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ትንሹ ያስመልሰዋል። በር ከፍቼ ባድር ይበቃል?»

አይበቃም እናቴ። ልጆቹን ይዘው አሁኑኑ ይውጡ። እርስዎም ባለቤትዎም እዚያ ቤት አትደሩ። ልጆቹን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱና «የነቀዝ ክኒን ሸትቷቸዋል» ብለው ለሐኪሙ ይንገሩ። የክኒኑ ማሸጊያ ከቤት ውጭ ካለ ያሳዩት። ትንሹ ተሻለው ብለው እንዳይቀሩ። መርዙ ልብና ሳንባን የሚጎዳው ሰዓታት ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ቶሎ መድረስ ብቻ ነው የሚያድነው።

ለሌሎቻችሁም ልንገራችሁ። ክኒኑ አልሙኒየም ፎስፋይድ ነው። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ነቀዙን የሚገድለው ያ ጋዝ ነው፤ ሰውንም ይገድላል። በሰኔ ደግሞ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ጋዙ ፈጥኖ ይወጣል። እኛም ብርዱን ፈርተን በርና መስኮት ዘግተን እንተኛለን። በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ አልፎ ቀጣዩ ክፍል ይገባል። አንዳንዴ ነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ ይሸታል። ሽታው ጠፋ ማለት ግን ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ቀድመው የሚጎዱት ሕፃናት ናቸው።

የሚያንገበግበኝ ጥቅሙም ይህን ያህል አለመሆኑ ነው። ተራ ጆንያ ጋዝ አይዝም። ነቀዙ በወጉ አይሞትም፤ ልጁ ግን ይታመማል። ክኒኑን ያለ ማሸጊያ፣ ያለ መመሪያ በፍሬ የሚሸጥላችሁ ካለ አትግዙት። ይህ ሥራ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው፤ ሰው በሚያድርበት ቤት ደግሞ ማንም ሊሠራው አይገባም። እናቴ፣ ጆንያዎቹን ራስዎ ለማውጣት አይሞክሩ። ለቀበሌው ግብርና ባለሙያ ይንገሩና እሱ ይምራው። ክኒኑ ላይ ውሃ ማፍሰስም አይገባም፤ ጋዙን ባንዴ ያወጣዋል።

ለመጪው ምርት ፒክስ የሚባለውን ከረጢት ፈልጉ። ውጩ ጆንያ ነው፤ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ አለው። ሁለቱም አየር እንዳያስገቡ ለየብቻ ጠብቀው ይታሰራሉ። ነቀዙ ውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል፤ መድኃኒት የሚባል ነገር አይገባበትም። እህሉ ግን በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። ለመፈተን ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ ናጡት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ፀሐይ ይፈልጋል። ከረጢቱን ከግድግዳ አርቃችሁ ቆጥ ላይ አስቀምጡት፤ አይጥ ከበሳው ዋጋ የለውም።

«ልጄ የ8ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። የአረሙ ሥራ በዝቶብኝ ላስቀራት አስቤአለሁ።»

አያስቀሯት አባቴ። ሥራው እንደበዛብዎ ይገባኛል፤ ለእሱ ወንፈል አለ፣ ጎረቤት ይጥሩና በተራዎ ይመልሱ። የፈተናው ሳምንት ከብት ጥበቃውንም ውሃ መቅዳቱንም ለሌላ ይስጡላት፣ ማታም ማጥኛ መብራት ያዘጋጁላት።