መብራቱ በ11ኛው ዙር ጠፋ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። መጽሔቱን ስገዛ መጀመሪያ የምገልጠው የእርስዎን ገጽ ነው። የ16 ዓመት ልጄ ሰፈራችን ካለው አዳራሽ ቦክስ ጀምሯል። ጀመረ ከምል አበደ ብል ይቀለኛል። በረንዳው ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ ሰቅሎ ሲነርት ያመሻል። ለንደን ብዙ ዓመት የኖረው ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ፣ «ማይክል ዋትሰን የሚባል ቦክሰኛ ነበር፤ በ11ኛው ዙር አሸንፎ በ12ኛው አለቀለት። ልጅሽን አስተይው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እውነቱን ነው? ሰውየው ሞተ? ልጄንስ ልከልክለው?
እናት፣ ከቄራ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንቅልፍሽን ልመልስልሽ። ማይክል ዋትሰን ያን ቀን አልሞተም። ወንድምሽም አልዋሸሽም። እኔ ራሴ ያ ሰው በ11ኛው ዙር አሸነፈ ብዬ አምኜ፣ ደስ ብሎኝ ያደርኩበት ሌሊት አለ። ጥፋቱ የመብራት ቆጣሪያችን ነው።

ያኔ ለንደን ነበርኩ። ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይተን አራት ሆነን እንኖራለን። እኔ ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ እጠብቃለሁ። የቤቱ መብራት የሚሠራው በሳንቲም ነው። ቆጣሪዋ ሃምሳ ፔንስ ካልጎረሰች ድርግም ትላለች። መስከረም 10 ቀን 1984 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ መስከረም 21 ቀን 1991፣ ቅዳሜ ነው። ተረኛ ስላልነበርኩ ቤት ነኝ። የመስቀል ሰሞን ነው፤ አንዱ ጓደኛችን ሽሮ እየሠራ አደይ አበባ ትዝ ብሎት ያንጎራጉራል። ቴሌቪዥኑ ላይ ማይክል ዋትሰንና ክሪስ ዩባንክ ሊገጥሙ ነው።

ዋትሰን የሰፈራችን ልጅ ነው ማለት ይቻላል። የሰሜን ለንደን ሰው፣ የለየለት የአርሴናል ደጋፊ። ግጥሚያው ደግሞ የት ሆነ መሰለሽ? በአርሴናል ባላንጣ በቶተንሃም ሜዳ፣ ዋይት ሃርት ሌን! ልጅሽ ኳስ የሚያይ ከሆነ ይህን ንገሪው፤ ይስቃል።

ሰው ዋትሰንን የሚያስታውሰው በአደጋው ብቻ ነው። ይህ ሁልጊዜ ያናድደኛል። እኔ የማስታውሰው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 13 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ እዚያው ፊንስበሪ ፓርክ ውስጥ ትልቅ ድንኳን ተተክሎ ከናይጀል ቤን ጋር የተጋጠመውን ነው። ቀኑ የማይረሳኝ በሌላ ምክንያት ነው። የግንቦት 8ቱ መፈንቅለ መንግሥት ከተሞከረ ገና አምስተኛ ቀኑ ነው። እኛ አበሾቹ ስልክ ላይ ተጥደን «እገሌ ተያዘ፣ እገሌ ሞተ» እያልን፣ ከመንገዱ ማዶ እንግሊዞቹ ለቦክስ ይጋፋሉ።

ቤን እስከዚያ ቀን 22 ጊዜ ገጥሞ 22ቱንም በዝረራ የጨረሰ ሰው ነው። እንደ በሬ ነው የሚመጣው። ዋትሰን ምን አደረገ? ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አጥር አድርጎ ቆመ። ቤን ይወርድበታል፣ ይወርድበታል፤ ዱላው ሁሉ ክንድና ጓንት ላይ ይቀራል። ዋትሰን በመሀል በመሀል በግራ እጁ ጣል ያደርግለታል። ስድስተኛው ዙር ላይ ቤን ጉልበቱ አለቀ። ዋትሰን ያቺኑ ቀጥ ያለች የግራ ቡጢ ላከበት፤ ሰውዬው በጀርባው ተዘረረ። ትዕግሥት እንዲህ ጉልበትን ሲያሸንፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ቦክስ ላይ አላየሁም።

በማግስቱ ዓመት ለዓለም ሻምፒዮንነት ከጃማይካዊው ማይክ ማካለም ጋር ገጥሞ በ11ኛው ዙር ተሸነፈ። ማካለም ሌላ ዓለም ነው፤ ማንም ቢሆን ይሸነፍለት ነበር። ከዚያ መጣ ዩባንክ።

ዩባንክን ልነግርሽ አልችልም፤ ማየት ነው። ባለ አንድ ዓይን መነጽር የሚያደርግ፣ እንደ እንግሊዝ ባላባት የሚለብስ፣ ሪንግ ውስጥ፣ በገመድ የታጠረው መድረክ ላይ ማለቴ ነው፣ ሲገባ ገመዱን ዘሎ የሚያርፍ ጉረኛ ነው። ግን ጉራው ባዶ አይደለም፤ መንጋጋው ድንጋይ ነው። በፈረንጆቹ ሰኔ 1991 ተጋጥመው ዳኞቹ ለዩባንክ ሰጡት። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ እኩል ናቸው አለ። ሕዝቡ ዋትሰን ተበላ ብሎ ጮኸ። ስለዚህ በመስከረም ድጋሚ ተባለ፤ 12 ዙር፣ እያንዳንዱ ሦስት ሦስት ደቂቃ።

ያን ምሽት ዋትሰን ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። የድሮውን አጥር ትቶ ከመጀመሪያው ደወል ጀምሮ ወደፊት ብቻ ይሄዳል። ሽሮው እሳት ላይ እያረረ ማንም አይነሳም። 11ኛው ዙር ሊያልቅ ሲል ዋትሰን ዩባንክን መታው፤ ያ ጉረኛ በጉልበቱ ወረደ። አራታችንም ዘለን ተነሳን።

ድርግም።

ሃምሳ ፔንስ ማንም ጋ የለም። ኪስ ተፈተሸ፣ ፍራሽ ተገለበጠ። አንዱ ከታች ካለው ሱቅ ሊዘረዝር ሮጠ፤ ተዘግቷል። እኛ ግን ምን ቸገረን? ዩባንክ ወድቋል! የቀረው አንድ ዙር ነው። በጨለማ የተቃጠለ ሽሮ እየበላን «አሸነፍን» ስንል አመሸን።

እሑድ ጠዋት ጋዜጣ ልገዛ ወጣሁ። ሻጩ ፊቱ ጠቁሯል።

መብራቱ ሲጠፋ ያላየነው ይህን ነው። ዩባንክ ተነሳ። ዙሩ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት ከታች ወደላይ አንድ ቡጢ፣ አፐርከት የሚሉትን፣ ዋትሰን አገጭ ላይ አሳረፈ። ዋትሰን ወደኋላ ሲወድቅ ማጅራቱ ገመዱን መታው። ተነሳ፤ ደወሉ ተደወለ፤ ወደ ጥጉ ሄደ። 12ኛው ዙር ተጀምሮ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ዳኛው አስቆመ። ዋትሰን ትንሽ ቆይቶ እዚያው ሪንግ ላይ ወደቀ። 26 ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ጓንት አላጠለቀም።

አሁን እህቴ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ረጋ ብለሽ አንብቢ። የጥያቄሽ መልስ ያለው ቡጢው ላይ አይደለም፤ ሰዓቱ ላይ ነው።

ጭንቅላት በኃይል ሲንገጫገጭ በአንጎልና በራስ ቅል መካከል ያለች ቀጭን የደም ሥር ልትበጠስ ትችላለች። ደሙ ይፈስሳል። የራስ ቅል ደግሞ እንደ ሆድ አይለጠጥም። ደሙ ቦታ ሲያጣ አንጎልን ይገፋል፤ አንጎል ሲታፈን አየር ያጣል። ይህ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ወዲያው አየር የሚሰጥ፣ ከዚያም ቶሎ ከፍቶ ደሙን የሚያወጣ ሰው ከተገኘ ይተርፋል።

ያን ምሽት ግጥሚያው የቆመው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ላይ ነው። ሐኪም ዋትሰን ጋ የደረሰው ሰባት ደቂቃ ያህል አልፎ ነው። ሪንጉ ላይ ግርግር ነበር፤ ሰው ይደባደባል። ሐኪሞች ሜዳው ውስጥ ነበሩ፤ አምቡላንስም ነበር። ነገር ግን እዚያው ሪንጉ ሥር ሆኖ የታፈነ ሰው እንዲተነፍስ የሚያደርግ ባለሙያ ከነመሣሪያው ተዘጋጅቶ አልቆመም። ሆስፒታል እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄደ። የተወሰደበት ሆስፒታል ደግሞ የአንጎል ቀዶ ሕክምና አይሰጥም። እንደገና ጭነውት ወደ ቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሄዱ። ፒተር ሃምሊን የሚባል ሐኪም እዚያ ተቀበለው። ስድስት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። 40 ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኛ። ከዚያ ዓመታት በተሽከርካሪ ወንበር።

ዋትሰን የከሰሰው የመታውን ዩባንክን አይደለም። የብሪታንያን የቦክስ ተቆጣጣሪ ቦርድ ነው። በፈረንጆቹ 1999 ረታ፤ ቦርዱ ይግባኝ ብሎ በ2000 መጨረሻ እንደገና ተረታ። ዳኞቹ ያሉት በአጭሩ፣ ደንቡን የምታወጡት እናንተ ከሆናችሁ ቡጢ ያረፈበትን ሰው ቶሎ የሚያድን ዝግጅት ማዘዝም የእናንተ ግዴታ ነው። ቦርዱ ኢንሹራንስ ስላልነበረው ካሳ ለመክፈል ለንደን ያለውን ቢሮውን እስከ መሸጥ ደረሰ። ዋትሰን የተቀበለው 400 ሺህ ፓውንድ ያህል ነው። ከደረሰበት ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

ግን ስሚ። በፈረንጆቹ 1998 ስፔንሰር ኦሊቨር የሚባል የ23 ዓመት ቦክሰኛ፣ እዚያው ለንደን፣ ሮያል አልበርት ሆል፣ እንደ ዋትሰን ሪንግ ላይ ወደቀ። እሱም አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ። በዋትሰን ምክንያት ነገሩ ተለውጦ ስለነበር ሪንጉ ሥር የማደንዘዣ ሐኪም ተዘጋጅቶ ቆሟል። እዚያው አስተኝተው፣ አየር ሰጥተው ወሰዱት። የእሱም የቦክስ ሕይወት በዚያው ቀን አበቃ፤ ሰውዬው ግን ዛሬ ይራመዳል፣ ያወራል፣ ቴሌቪዥን ላይ ስለ ቦክስ ይተነትናል። ያው ጉዳት ነው፤ የሚለየው ደቂቃው ብቻ ነው።

ዋትሰንስ? ይህን ደግሞ ለልጅሽ አንብቢለት። በ2003፣ በኛ ሚያዝያ 5 ቀን 1995 ዓ.ም.፣ የለንደን ማራቶን ተካሄደ። ያሸነፈው የኛው ገዛኸኝ አበራ ነው፤ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ። በዚያው ቀን፣ በዚያው መስመር ዋትሰንም ተነሳ። መቼም አይራመድም ተብሎ የነበረ ሰው ነው። ጠዋት ትንሽ፣ ከሰዓት ትንሽ እየሄደ 42 ኪሎ ሜትሩን በስድስተኛው ቀን ጨረሰ፤ የሆሳዕና ዋዜማ መሆኑ ነው። አብረውት ከተጓዙት አንዱ ሐኪሙ ሃምሊን ነው። ሌላው፣ ካመንሽኝ፣ ክሪስ ዩባንክ ነው። ገንዘቡም የተሰበሰበው ለአንጎልና ለአከርካሪ ሕሙማን ነው።

(የገዛኸኝም ነገር ያሳዝነኛል። የሲድኒ ኦሊምፒክ ጀግና፣ ለንደንን ያሸነፈው 25 ዓመት ሳይሞላው፤ ከዚያ በኋላ ጉዳት አስቀረው። ቦክሰኞቻችን ደግሞ በፈረንጆቹ 1976፣ 1984 እና 1988 ኦሊምፒክ አገራችን አልሄድም ስላለች ያለ አንድ ቡጢ የተቀጩ ብዙ ናቸው። እሱን ሌላ ቀን።)

ወደ ልጅሽ ልምጣ። አትከልክዪው። ብትከልክዪው ጓንቱን ጎረቤት ደብቆ ይሄዳል፤ እኔ አድርጌዋለሁ። ይልቅ ነገ ነጠላሽን ጣል አድርጊና አዳራሹ ሂጂ። አሰልጣኙን ለብቻው ጥሪና፣ በግጥሚያ ቀን ሪንጉ አጠገብ የሚቆመው ሐኪም ማን ነው በይው። አምቡላንሱ በር ላይ ይቆማል ወይስ ይጠራል? የሚወስደውስ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ነው ወይስ ቅርብ ወዳለው? ከተኮሳተረብሽ ሌላ አዳራሽ ፈልጊ። «እናቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ» ካለሽ ልጅሽ ጥሩ እጅ ላይ ነው። ጭንቅላቱን ተመትቶ የወደቀ ልጅ ቢያንስ አንድ ወር ከዱላ መራቅ አለበት፤ ይህንንም ያውቅ እንደሆነ ጠይቂው። የራስ መከላከያ አድርጎ ነው የሚለማመደው ብሎ እንዳያታልልሽ። እሱ ቅንድብ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል፤ አንጎል እንዳይናጥ አያደርግም።

ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ያዢ። ከልምምድ መጥቶ ራሴን በጣም አመመኝ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ንግግሩ ከተወላገደ ወይም ያለ ሰዓቱ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው «ደክሞት ነው፣ ይተኛ» እንዳትዪ። ያንኑ ሌሊት ሆስፒታል።

እኔ በወጣትነቴ ሦስት ጊዜ ተጋጥሜ ሦስቱንም በነጥብ ተሸንፌያለሁ። ግራ እጄ ይወርዳል። አሰልጣኜ «ግራህን! ግራህን አንሳ!» እያለ ድምፁ ተዘግቶ ነበር የሚመለሰው። አሰልጣኙ የሚልሽን ጻፊልኝ። እግረ መንገድሽን ልጅሽ ግራውን ከፍ አድርጎ ይይዝ እንደሆነም እይልኝ።