ግንባሬ ላይ መስቀል አለ፤ የጃፓን ፍልውሃ ያስገባኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 60 ዓመት ሞላሽ ብላ በታኅሣሥ ጃፓን ልትወስደኝ ነው። ሃኮኔ በሚባል ተራራማ አገር፣ ፍልውሃ ባለው ባህላዊ ማረፊያ ሁለት ሌሊት እናድራለን። ግን ጎንደር ገጠር ስላደግሁ ግንባሬ ላይ መስቀል፣ አንገቴ ዙሪያም ንቅሳት አለኝ። የተነቀሰ ሰው አያስገቡም ሲሉ ሰማሁ። ደግሞ ራቁት ነው የሚታጠቡት አሉ። ጊዜውም ጾም ነው፤ እኔ ዓሣ አልቀምስም። ብቀርስ ይሻላል?
የጎንደር ልጅ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እናቴ፣ ኧረ አይቅሩ! ግን ልጅዎ ዛሬውኑ ለማረፊያው መልእክት ትላክ።

የሰሙት እውነት ነው። ጃፓን ውስጥ ንቅሳት ያኩዛ ከሚባሉት ወንበዴዎች ጋር ስለሚያያዝ ብዙ መታጠቢያዎች የተነቀሰ ሰው አያስገቡም። እ.ኤ.አ. በ2013 ለጉባኤ የሄዱ አንዲት የኒውዚላንድ ማኦሪ ሴት ፊታቸው ላይ ባለው ባህላዊ ንቅሳት ምክንያት ሆካይዶ ውስጥ ከአንድ መታጠቢያ ተመልሰዋል።

እኔም ቶኪዮ ስማር የደረሰብን ነገር አለ። ጓደኛዬ እጇ ላይ በልጅነቷ የተነቀሰችው ትንሽ መስቀል አላት። አንድ የሕዝብ መታጠቢያ ሄድን። በር ላይ ያሉት ሴትዮ ጎንበስ ብለው ይቅርታ እየጠየቁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አሳዩን። የእምነት ምልክት ነው ብዬ ባስረዳም አልሆነም። ጓደኛዬ በባቡር ስንመለስ እስከ ቤት ድረስ እጇን በሹራቧ እጅጌ ሸፍና ነበር። ያ ቀን እስካሁን ያንገበግበኛል። ቀድሜ ብደውል ኖሮ አይደርስባትም ነበር።

ስለዚህ ልጅዎ ሁለት ነገር ትጠይቅ። አንደኛ፣ የራሱ የፍልውሃ ገንዳ ያለው ክፍል አላቸው ወይ? በቅንጦት ሪዮካኖች (ባህላዊ ማረፊያውን እንዲህ ነው የሚሉት) ይህ የተለመደ ነው። ገንዳው በረንዳው ላይ ሆኖ ጫካውን ወይ ተራራውን ያያል። ሁለተኛ፣ እሱ ከሌለ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ በሰዓት የሚከራይ ገንዳ አለ ወይ? በሁለቱም ንቅሳትዎን የሚያይ ሰው የለም። የሀፍረቱም ነገር በዚያው ያልቃል። ልክ አዲስ አበባ ፍልውሃ የራስዎን ክፍል ይዘው እንደሚታጠቡት ማለት ነው።

የጋራውን ገንዳ ከፈቀዱልዎም ወንድና ሴት ለየብቻ ነው። በበሩ ላይ መጋረጃ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ የሴት፣ ሰማያዊው የወንድ ነው። አንዳንድ ቤቶች ግን ማታና ጠዋት ያቀያይሩታል፤ ማታ የገቡበት ነው ብለው ጠዋት ዝም ብለው እንዳይገቡ።

ገንዳው መታጠቢያ አይደለም፤ መዘፍዘፊያ ነው። መጀመሪያ ዱካ ላይ ቁጭ ብለው በሳሙና ታጥበው፣ አረፋው ከላይዎ ጥርግ እስኪል ይለቃለቃሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ይገባሉ። ትንሿ ፎጣ ውሃው ውስጥ አትገባም፤ ሰዉ አጥፎ አናቱ ላይ ነው የሚያስቀምጣት። ውሃው ብዙ ጊዜ 40 እስከ 42 ዲግሪ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይውጡ። ደም ግፊት ካለብዎ ደግሞ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይግቡ።

አሁን ወደ ጾሙ። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። የሪዮካን ዋጋ እንደ ሆቴል በክፍል ሳይሆን በሰው ነው፤ እራትና ቁርስም አብሮ ይታሰባል። የቅንጦቱ ለአንድ ሰው ለአንድ ሌሊት ከ50,000 የን በላይ ሊሄድ ይችላል። እራቱ ካይሴኪ ይባላል፤ በትናንሽ ሳህን ተራ በተራ የሚመጣ ብዙ ዓይነት ምግብ ነው። ችግሩ ዓሣው ብቻ አይደለም። አትክልቱም ሾርባውም ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዳሺ በሚባል ከደረቀ ዓሣ በሚወጣ መረቅ ነው። «አትክልት ብቻ» ቢሉ ዓሣው በመረቁ ይመጣል። ልጅዎ እንዲህ ብላ በዝርዝር ትጻፍ፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የዓሣ መረቅም አትበላም። የቡድሃ መነኮሳት ሾጂን የሚሉት የራሳቸው የጾም ምግብ አላቸው፤ ስሙን ብትጠቅስላቸው ወጥ ቤቱ ቶሎ ይገባዋል። ይህ ቦታው ሲያዝ ነው የሚነገረው። ገበታ ላይ ቢናገሩ መፍትሔ የለውም፤ አስተናጋጇም በጣም ትጨነቃለች።

በጊዜ ይድረሱ። ክፍል የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ እራት 12 ሰዓት ገደማ ይቀርባል። ከቶኪዮ ሺንጁኩ ጣቢያ ሮማንስካር የሚባለው ባቡር ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወስዶ ሃኮኔ ዩሞቶ ያደርሳል። ሲደርሱ ጫማ በር ላይ ይቀራል። ታታሚው፣ ማለት የሣር ምንጣፉ፣ በነጠላ ጫማም አይረገጥም። ዩካታ የሚሉትን ልብስ ሲለብሱ የግራው ጎን ከላይ ይሁን፤ የቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሬሳ ነው። እራት በልተው ሲመለሱ ፍራሹ ምንጣፉ ላይ ተነጥፎ ይጠብቅዎታል። ጉርሻ አይሰጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሃኮኔ ውስጥ አንዳንዱ ውሃ ድኝ ያለበት፣ ወተት የመሰለ ነው። ብር ያጠቁራል። ማተብዎ ባለበት ይሁን፤ የብር መስቀሉን ግን ከመግባትዎ በፊት በመሐረብ ጠቅልለው ክፍል ውስጥ ያስቀምጡት።