አንዴ ጮሆ አንዴ ዝም የሚል ሞተር፦ ጣና ላይ ለምትሠሩ ልጆች

ልጆች፣ ጣና ላይ ጀልባ የምትነዱ፣ ሜካኒክነቱንም ገና የጀመራችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ጋሼ፣ የሞተሩ ማስጠንቀቂያ አላርም መሀል ሐይቅ ላይ ይጮሃል፣ ወደቡ ላይ ስናየው ግን ምንም የለውም» ትሉኛላችሁ። ሁልጊዜ የሚጮህ ቢሆን ሥራው ቀላል ነበር። ሰው የሚያታክተው ይሄ መጣ ሄደ የሚለው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የአላርሙን ሽቦ እንዳትቆርጡት። «ሴንሰሩ ነው፣ ዝም ብለህ ንቀለው» የሚል ሰው በየጋራዡ አይጠፋም። ያ ጀልባ ግን ነገ የሚጭነው ጎብኚ ብቻ አይደለም። ከደቅ ደሴት ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ በሽተኛም ይጭናል፣ እናትም ይጭናል፣ ተማሪም ይጭናል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ማዕበሉ ሲያይል፣ ሞተሩ መሀል ላይ ተጣብቆ ቢቀር እነዚህን ሰዎች ማን ያወጣቸዋል?

ስለዚህ መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ነጂውን ጠይቁት። ሲጮህ በምን ፍጥነት ነበር? ስንት ሰው ጭኗል? ከተነሳ ምን ያህል ቆይቷል? መሪውን ወዴት አዙሮ ነበር? የትኛው መብራት በራ? ሞተሩ ራሱ ፍጥነት ቀነሰ ወይስ ጩኸት ብቻ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ብዙ የያማሃ ሞተሮች ከልክ በላይ ሲግሉ ወይም የዘይት ግፊታቸው ሲወርድ ራሳቸውን ለማዳን በደቂቃ ወደ 2000 ዙር አካባቢ ይወርዳሉ። መልሱን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉት። እኔ አሁንም ድረስ እጽፋለሁ።

አላርሙ በአራት ስትሮክ ሞተር ላይ በዋናነት የሚጠብቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሙቀትንና የዘይት ግፊትን። ዘይት ለብቻው በሚሞላላቸው የድሮ ሁለት ስትሮኮች ላይ ደግሞ ዘይቱ ጋኑ ውስጥ ሲያልቅ ይጮሃል። የሙቀት ይሁን የዘይት ሳትለዩ ወደ ሥራ አትግቡ። የዘይቱ ከሆነ ሞተሩን እዚያው ማጥፋት ነው፤ «ዳር እስክደርስ» ማለት የለም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግን የሙቀቱ ነው።

እዚህ ላይ ጣና የራሱ ጣጣ አለው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። ውሃው የሚገባው ከታች፣ ከፕሮፔለሩ በላይ ካሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። አንድ ፌስታል መጥቶ እነዚያ ላይ ይለጠፋል። ውሃ ይቋረጣል፣ ሞተሩ ይግላል፣ አላርሙ ይጮሃል። ነጂው ደንግጦ ሲያጠፋው መሳቡ ይቆምና ፌስታሉ ተላቆ ይሄዳል። ሞተሩን አንስቶ ቢያይ ምንም የለም! ከዚያ «ዝም ብሎ ነው የሚጮኸው» ይባላል። እምቦጭም እንደዚያው ነው። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ሐይቁን ከወረረ ወዲህ፣ በተለይ በሰሜኑ ዳርቻ በደምቢያ በኩል፣ ሥሩ ተቆርጦ የሚንሳፈፈው ቀዳዳውን ይደፍንና ፍጥነት ስትቀንሱ ይለቃል። እንዲህ ከጠረጠራችሁ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪስ ውስጥ ከታችሁ፣ ከዚያ ብቻ እጃችሁን ወደ ፕሮፔለሩ ስደዱ። ቁልፉን ነቅላችሁ ያልኩትን ደግማችሁ አንብቡት።

ማቀዝቀዣው መሥራቱን ለማሳየት ከሞተሩ ጎን የሚወጣውን ቀጭን ውሃም አትመኑት፣ አትናቁትም። ደክሞ ሲወጣ ፓምፑ ሳይሆን የሚወጣበት ቀዳዳ ራሱ ጭቃ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ በቀጭን ሽቦ ይጠረጋል። ደህና እየወጣ ደግሞ ቴርሞስታቱ (ሲሞቅ እየተከፈተ ውሃውን የሚያሳልፈው በር) ተዘግቶ ሞተሩ ውስጥ ውስጡን ሊግል ይችላል። ስለዚህ ከሩቅ ሙቀት የሚለካውን ቴርሞሜትር ግዙ። ሲሊንደሩ ራስ ላይ እያነጣጠራችሁ ቁጥሩን አንብቡ። በእጅ ዳሶ «ትንሽ ሞቋል» ማለት ልኬት አይደለም።

ፍጥነቱም ብዙ ይናገራል። ቀስ ብሎ ሲሄድ ጮሆ ሲፈጥን ዝም ካለ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያረጀ ኢምፔለር (ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃ የሚገፋው ጎማ) ወይም የማይከፈት ቴርሞስታት ነው። ሲፈጥን ጮሆ ሲዘገይ ዝም ካለ ደግሞ የውሃው መንገድ የሆነ ቦታ ጠቧል ማለት ነው። በክረምት ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል የኢምፔለሩን ጎማ ስለሚበላው መስከረም ላይ ፈታችሁ እዩት። ቴርሞስታት ለመፈተን ድስት ውስጥ ውሃና ቴርሞሜትር ከትቶ ቀስ እያሉ ማሞቅ ነው፤ ላዩ ላይ በተጻፈው ዲግሪ አካባቢ መከፈት አለበት። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላም እወቁ። በጣም የጋለ ሞተር እኛ ጋ ፈጥኖ ወደ እንፋሎት ይደርሳል።

ደግሞ አንድ አለ። በሙሉ ኃይል መጥቶ ወደቡ ላይ ወዲያው የጠፋ ሞተር ውሃው ስለሚወርድ ሙቀቱ ለጥቂት ጊዜ ይጨምራል። በዚያ ሰዓት መልሳችሁ ስታስነሱት ትንሽ ጮሆ ዝም ሊል ይችላል። ከማጥፋታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ።

አሁን ወደ ሽቦው። ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚጮህ አንድ ጀልባ ነበር። «ፀሐዩ ነው» አሉ። ኢምፔለር ተቀየረ፣ ቴርሞስታት ተቀየረ፣ ሴንሰርም ተቀየረ፤ ያው ነው። በቴርሞሜትር ሲለካ ሙቀቱ ደህና ነው። ነጂውን ቁጭ አድርጌ ስጠይቀው «ማዕበል ከጎን ሲመታኝ ይብሳል» አለኝ። ሞተሩን አጥፍተን ቁልፉን ብቻ ከፍተን መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዞርነው። ጢጥ አለ! መለስነው፣ ዝም። ክዳኑን ስናነሳ የሽቦው ጥቅል በሚገባበት በኩል ማቀፊያው ጎማ ከቦታው ወጥቷል። ሮዙ ሽቦ በብረቱ ጠርዝ ተፍቆ መዳቡ በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ብልጭ ይላል። በብዙ ያማሃዎች ላይ የሙቀት ማስጠንቀቂያው ሽቦ ሮዝ ነው፤ ብረት ሲነካ «ግያለሁ» እንደማለት ነው። ጠዋት ሐይቁ ረጋ ያለ ስለሆነ መሪ ብዙም አይዞርም፤ ከሰዓት ከነፋሱ ጋር ሲታገል እስከ ጥግ ይዞራል። ነገሩ ይኸው ነበር። ሽቦው በሙቀት ተኮማትሮ በሚጠብቅ ሽፋን ተጠግኖ ጎማው ወደ ቦታው ገባ፣ አለቀ።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝ ባለቤቱ በከንቱ የከፈለበት ዕቃ ነው። ሦስት ነገር በአንድ ቀን አትቀይሩ። አንዱን ቀይራችሁ ሞክሩ፣ ጻፉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ። ሶኬቶቹንም እየነቀላችሁ አረንጓዴ ዝገት እዩ፣ ቴስተር ያዙና ሽቦውን እያወዛወዛችሁ ለኩ።

የዘይቱን ነገር በአጭሩ ልበል። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚለካው። ዘይቱ ከጎደለ ጀልባው ሲንገላታ ፓምፑ አየር ይስብና ለአፍታ ይጮሃል፣ ቀጥ ሲል ዝም ይላል። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ከጮኸ ግፊቱን በጌጅ ለኩ፤ ሴንሰሩን መክሰስ ከዚያ በኋላ ነው።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ወደቡ ላይ አስነስታችሁ «ደህና ነው» ብላችሁ አታስረክቡ። በጮኸበት ሰዓት፣ በጮኸበት ጭነት፣ በጮኸበት ፍጥነት ውጡ፤ ላይፍ ጃኬት ለብሳችሁ፣ መቅዘፊያና መልሕቅ ይዛችሁ፣ ሁለተኛ ጀልባ በአቅራቢያ እያለ። ያኔም ካልጮኸና ምክንያቱን ካላገኛችሁት ለባለቤቱ በግልጽ ንገሩት፦ «አልጮኸም፣ ግን አላገኘሁትም፤ እስካገኘው ሰው ጭነህ ሩቅ አትሂድ» በሉት።