ሶሻል ወርከር ደብተር አዳይ ብቻ ነውን?

ጠያቂያችን በአዲስ አበባ ዳር በሚገኘው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከቤተሰቧ ጋር የምትኖር የሦስተኛ ዓመት የሶሻል ወርክ (የማኅበራዊ ሥራ) ተማሪ ናት። አባቷ «አራት ዓመት ተምረሽ ደብተር ልታድዪ ነው?» እንዳሏት ገልጻ፣ በትምህርት ቤት ለመሥራት ያላት ምኞት የሚያዋጣ መሆኑን ጠይቃናለች።

ውድ እኅቴ፣ የአባትሽን ጥያቄ እንደ ንቀት አትቁጠሪው። ሶሻል ወርከር ያዩት በዓመቱ መጀመሪያ ደብተር ሲታደል ብቻ ከሆነ፣ የተናገሩት ያዩትን ነው። ሙያው ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ በአዲስ አበባ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። ይሁን እንጂ በደርግ ዘመን ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑ ቀርቶ ከሶሲዮሎጂ ጋር ተዋሐደ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ የተመለሰውም እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል ስሙ ያልተጠራ ሙያ ምን እንደሚሠራ ወላጆች ባያውቁ አይፈረድባቸውም።

ለአባትሽ ስታስረጂ ከሰፈራችሁ የማይርቅ ምሳሌ ውሰጂ። ቤተሰቡ በልማት ምክንያት ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ወደ ዳር የመጣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አለ እንበል። እናቱ እንጀራ የምታስረክባቸው ደንበኞች የቀሩት በድሮው ሰፈር ስለሆነ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ ልጁም ታናሽ እኅቱን የሚረከባት ጎረቤት በሩን እስኪከፍት ጠብቆ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ ነው። ያረፈደ ተማሪ ደግሞ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በተጨማሪ የምገባውን ቁርስ ያጣል። መምህሩ ስንፍና ነው ብሎ ይመዘግባል፣ ዩኒት ሊደሩ «ወላጅ አምጣ» ይለዋል፣ እናትየዋ የአንድ ቀን ገቢዋን ትታ መምጣት አትችልም፤ ስለዚህ ልጁ ሦስት ቀን ቤት ይውላል። ማርፈድ የነበረው ችግር በቅጣቱ ምክንያት መቅረት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው፤ እኔ ባየሁት መጠን ትምህርት ያቋረጡ ብዙ ልጆች ታሪክ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው።

የሶሻል ወርከሯ ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል። እሑድ ከሰዓት እናትየዋን በቤቷ ታነጋግራለች፤ ርእሰ መምህሩን አስረድታ «ወላጅ አምጣ» የሚለው ትእዛዝ በስልክ ጥሪ እንዲተካ ታደርጋለች፤ የምገባ እናቶች የልጁን ቁርስ እንዲያቆዩለት ትለምናለች፤ ሕፃኗን በጠዋት የሚረከብ ሰው ከጎረቤትና ከዕድር ታፈላልጋለች። ቤተሰቡ ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ ሳያመጣ መጥቶ ከሆነ፣ መታወቂያ ስለሌለው በአዲሱ ወረዳ ብዙ አገልግሎት ሊያገኝ አይችልምና ያንን ጉዳይ ተከታትላ ታስጨርሳለች። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቀው ጥቂቱ ነው፤ ደብተር ማደል፣ አስፈላጊ ቢሆንም፣ ከሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። በነገራችን ላይ፣ በአሜሪካ የትምህርት ቤት ሶሻል ወርክ እ.ኤ.አ. በ1906 ገደማ ሲጀመር ሠራተኞቹ ይጠሩ የነበረው «ጎብኚ መምህራን» ተብለው ነው፤ መነሻው የቤት ለቤት ጉብኝት ነበርና።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልታውቂ ይገባል። ዳር ሰፈር ሰው ይተዋወቃል፤ ተማሪዋን በግቢው መካከል አስቀምጠሽ ብታነጋግሪያት እስከ ማታ ወሬው ጎረቤት ይደርሳል። ስለዚህ የምትነጋገሩበትን ቦታ፣ የምትጽፊበትን ማስታወሻና መምህራን ሻይ ሲጠጡ የምታወሪውን ሁሉ መጠበቅ አለብሽ። በአንጻሩ ለልጅ «ለማንም አልናገርም» ብለሽ ቃል አትግቢ። የተደበደበች ወይም የተደፈረች ልጅ ጉዳይ ለፖሊስና ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት መድረስ ስላለበት፣ ከመናገሯ በፊት የትኛውን ነገር ይዘሽ መቆየት እንደማትችይ ልትነግሪያት ይገባል። ይህን ሚዛን መጠበቅ የማይችል ሰው፣ ልቡ የቱንም ያህል ርኅሩኅ ቢሆን፣ ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሥራ ገበያው ስንመጣ፣ ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሶሻል ወርከር የሚባል ቋሚ የሥራ መደብ የላቸውም፤ የጋይዳንስና ካውንስሊንግ (የተማሪዎች ምክር አገልግሎት) መደብም ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ሳይኮሎጂ ላጠኑ ነው። በትምህርት ቤት የምታገኚያቸው ሶሻል ወርከሮች በአብዛኛው የተቀጠሩት በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሲሆን፣ የሥራ ውላቸውም ከፕሮጀክቱ ዕድሜ ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ ስታነቢ «የሕፃናት ጥበቃ ባለሙያ» ወይም «ኬዝ ወርከር» (የእያንዳንዱን ተረጂ ጉዳይ የሚከታተል ባለሙያ) የሚሉትንም ተመልከቺ፤ በየወረዳው በማኅበራዊ ጉዳይ ዘርፍ የሚወጡትን መደቦችም አትለፊ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ ማግኘት አይቻልምና ዝግጅቱን ለመጨረሻው ወር አትተዪው።

የመስክ ልምምድ ምደባ ከመውጣቱ በፊት ከትምህርት ክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ አጽፈሽ በሰፈራችሁ ወደሚገኘው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂጂ። ርእሰ መምህሩ ምን ልትሠሪ እንደምትፈልጊ ሲጠይቁሽ «ተማሪዎችን ልመክር» አትበያቸው፤ ባለፈው ወር ከአምስት ቀን በላይ የቀሩትን ተማሪዎች ዝርዝር እንዲሰጡሽና ከክፍል ኃላፊ መምህራኑ ጋር እንዲያገናኙሽ ጠይቂያቸው።